«ለሚያሳክክ ነገር» ብለሽ ከመግዛትሽ በፊት፦ ኤችአይቪ በደማችን ላለ ሴቶች የብልት ፈንገስ መመሪያ

የኤችአይቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ኤአርቲ ክፍል በራፍ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ጎኗ እያጋደለች የምትቁነጠነጥ ሴት ሳይ ሳትነግረኝ አውቅባታለሁ። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ግን ወሬው ሌላ ነው። «እንዴት ነሽ?» ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ኪኒኗን ትቀበላለች፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ትወጣለች። ከዚያ ፒያሳ ሄዳ፣ ማንም የማያውቃት መድኃኒት ቤት ገብታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለሚያሳክክ ነገር አለ?» ትላለች።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ እዚሁ ጎንደር በአንድ ጤና ጣቢያ እንደኔው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎችን አማክራለሁ፤ ሐኪም ግን አይደለሁም። ሌላውን እየመከርኩ ለራሴ አፍሬ፣ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ እየተደበቅሁ ኪኒን ገዝቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የተሰጠኝ ሜትሮኒዳዞል ነበር። ሻጩ ምን እንደሚሰማኝ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሜትሮኒዳዞል አንዳንድ ባክቴሪያዎችንና ትሪኮሞናስ የሚባለውን ተውሳክ ይገድላል እንጂ ፈንገስን አይነካም። እኔን ሲያቃጥለኝ የከረመው ደግሞ ፈንገስ ነበር። ይህን የምጽፈው ያንን ክረምት እንዳትደግሚው ነው።

አንደኛ፦ ምን እንደያዘሽ እወቂ

ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። በአፍ፣ በአንጀትና በብልት ውስጥ በጥቂቱ የሚኖር ነው። ሊጥ ከሚያስነሳው እርሾ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ «ካንዲዳ ከያዘሽ እንጀራ ተይ፣ ጠላ ተይ» የሚለው የጎረቤት ምክር የመጣውም ከዚህ ይመስለኛል። ዝምድናው እውነት ነው፣ ምክሩ ግን ውኃ አያነሳም። እንጀራሽን ብዪ።

ጤነኛ ብልት ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ቦታውን ኮምጠጥ አድርገው ይጠብቁታል፣ የሰውነት መከላከያም ፈንገሱን በልኩ ይይዘዋል። ከሁለቱ አንዱ ሲላላ ፈንገሱ ይባዛል። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል፤ ይህ ቫይረሱ ያለባትንም የሌለባትንም ይጨምራል። ስለዚህ ካንዲዳ መያዝ «በሽታዬ ታወቀብኝ» የሚያሰኝ ምልክት አይደለም፣ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም።

ከኤችአይቪ ጋር የሚገናኘው በመከላከያ አቅም በኩል ነው። ሲዲ ፎር (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር) እየወረደ ሲሄድ ካንዲዳ ይበዛል፣ ይደጋገማል፣ ሲመጣም ይከብዳል። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ የምትወስድና ቫይራል ሎዷ (በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን) የማይታይ ደረጃ የደረሰ ሴት ግን እንደማንኛዋም ሴት ናት፣ የምትታከመውም በዚያው መድኃኒት ነው። ከቫይረሱ ሌላም ፈንገሱን የሚያፋፉ ነገሮች አሉ፦ እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ ለሌላ ሕመም የተወሰደ አንቲባዮቲክ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች። ኮትሪሞክሳዞል የምትወስጂ ከሆነ እሱም አንቲባዮቲክ ነው፤ ሆኖም ከሌላ ከባድ ሕመም ስለሚጠብቅሽ ካንዲዳን ፈርተሽ በራስሽ አታቋርጪው።

ሁለተኛ፦ በቀን ብርሃን አይተሽ ለዪ

ብዙዎቻችን የራሳችንን ብልት አይተን አናውቅም። በር ዝጊ፣ ትንሽ መስታወት ያዢ፣ መስኮት አጠገብ ቁጭ በዪ። የምትፈልጊው ሦስት ነገር ነው፦ ፈሳሹ ምን ይመስላል፣ ምን ይሸታል፣ ቆዳው ምን ሆኗል።

ካንዲዳ ከሆነ ከሁሉ የሚብሰው ማሳከኩ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳ ዓይነት። ፈሳሹ ነጭና ወፈር ያለ፣ እንደ አይብ ፍርፍር ያለ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን ቀጭን ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። የሚከረፋ ሽታ የለውም። ከንፈሩ ይቀላል፣ ያብጣል፣ እንደ ወረቀት ቁርጥ ያሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ሊወጡበት ይችላሉ። ሽንት ስትሸኚ የሚያቃጥልሽ ሽንቱ የተላጠውን ቆዳ ሲነካው ነው፤ ስለዚህ ስሜቱ ከውጭ በኩል ነው። በግንኙነት ጊዜም ያማል።

ፈሳሹ ቀጭንና ግራጫ ቢጤ ሆኖ የዓሣ ሽታ ካለው፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ ሽታው ከባሰ፣ ያ የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ነው። ወደ ቢጫ አረንጓዴ የሚያደላ፣ አንዳንዴ አረፋ ያለው፣ የሚሸትም የሚያሳክክም ከሆነ ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ የትዳር ጓደኛሽም መታከም አለበት። ለእነዚህ ለሁለቱ ነው ሜትሮኒዳዞል የሚሠራው። ፈሳሽ ሳይኖር ውስጥ ድረስ የሚያቃጥልና ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት የሚያመላልስሽ ከሆነ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን አስቢ። ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍንጣሪዎች ወይም የሚያም ቁስል ካየሽ ካንዲዳ አይደለም፣ ሄርፐስ ወይም ሌላ የአባላዘር በሽታ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። በወር አበባ መካከል የሚመጣው እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ንጹሕ ፈሳሽ ግን የተፈጥሮ ነው፤ እሱን አታክሚው።

ይህን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ ዓይን እንደሚሳሳትም ልንገርሽ። ካንዲዳና ከእነዚህ አንዱ አብረው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ከዚህ በፊት ካንዲዳ ነው ተብለሽ የማታውቂ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን በራስሽ ግምት አትታከሚ።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ የምትሄጂባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች የሚያም ሆድ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ያለ ጊዜው የሚታይ ደም፣ እርግዝና ወይም የቀረ የወር አበባ። ከሁሉም በላይ አፍሽን ክፈቺና እዪ። ምላስሽና ላንቃሽ ላይ ሲፈቀፈቅ የሚነሳ ነጭ ነገር ካለ፣ ወይም ስትውጪ ደረትሽ ውስጥ የሚያምሽ ከሆነ ነገሩ ከብልት አልፏል። በጉሮሮ ቧንቧ ውስጥ የገባ ካንዲዳ በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከኤችአይቪ ደረጃ 4 ምልክቶች አንዱ ነው። ለእሱ በሚቀጥለው ወር አይኬድም፣ ዛሬ ነው።

ሦስተኛ፦ ዛሬ ማታ አቁሚ

ሲያሳክክ እጅ ሥራ አይፈታም፤ መጀመሪያ ወደ ሳሙና፣ ቀጥሎ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ሽታ ባለው ሳሙና መታጠብ፣ በዴቶል መዘፍዘፍ፣ ጨው ያለበት ሙቅ ውኃ ላይ መቀመጥ፣ ሎሚ መቀባት፣ ነጭ ሽንኩርት ልጦ ማስገባት፣ ፌጦ ወቅጦ መለጠፍ፤ ሁሉንም ከሴቶች አፍ ሰምቻለሁ። ሳሙናና ዴቶል የቆዳውን ልስላሴ ያጠፋሉ፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ቦታውን የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች ያጥባሉ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የተሰነጠቀ ቆዳ ያቃጥላሉ። ነጭ ሽንኩርት አስገብታ በማግሥቱ መቀመጥ አቅቷት የመጣች ልጅ አውቃለሁ። ካንዲዳዋ እንዳለ ነበር፣ የተጨመረው ቃጠሎው ብቻ።

ወይባን በተመለከተ ልከራከርሽ አልፈልግም። እናቶቻችን የሞቁት ነው፣ ሽታው ደስ ይላል፣ ለቆዳም ይወደዳል። ነገር ግን የተላጠና ያበጠ ብልት በሙቀት፣ በጭስና በላብ ላይ ሲቀመጥ የባሰ ይቆጣል እንጂ አይድንም። እስክትድኚ ይቆይልሽ።

የሚሻለው ቀላል ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ለብ ባለ ወይም ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ውኃ የውጩን ብቻ ታጠቢ። ውኃ ሳምንት በሚጠፋበት ሰፈር «ታጠቢ» ማለት ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ የሚያስፈልገው ግን አንድ ጆግ ነው። በአንድ እጅሽ ከፊት ወደ ኋላ እያፈሰስሽ በሌላው ታጠቢ፣ ጣትሽን ወደ ውስጥ አታስገቢ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሳትፈትጊ ጠቅ ጠቅ አድርገሽ አድርቂ። ሽንት ቤት ስትጠራረጊም ከፊት ወደ ኋላ።

አሁን ስለ ውስጥ ሱሪ። በክረምት ጎንደር ውስጥ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። በዚያ ላይ ውስጥ ሱሪያችንን ሰው እንዳያይብን ከፎጣ ሥር ወይም ጓዳ ገመድ ላይ ደብቀን እናሰጣለን። ጠዋት እርጥብ እንደሆነ እንለብሰዋለን፣ በላዩ ለብርዱ ታይት እንደርብበታለን። ሞቃትና እርጥብ ቦታ ደግሞ ለፈንገስ ምቹ ቤት ነው። የጥጥ ውስጥ ሱሪ ልበሺ፣ ፀሐይ ከወጣ ሳታፍሪ ውጭ አስጪው፣ ፀሐይ ከሌለ ደረቅ እስኪሆን ተኩሽው። ማታ ያለ ውስጥ ሱሪ ተኚ። ይህ ብቻውን ካንዲዳን አያድንም፣ መድኃኒቱ እስኪሠራ ግን እፎይ ያሰኝሻል።

አራተኛ፦ ለኤአርቲ ክፍሉ ንገሪ

ሌላ ቦታ አይደለም የምልሽ፣ እዚያው ኪኒንሽን የምትወስጂበት ክፍል። ማራኪም ሁን አዘዞ ጤና ጣቢያ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ መዝገብሽ ያለው እዚያ ነው። ሲዲ ፎርሽ፣ የመጨረሻው ቫይራል ሎድሽ፣ የምትወስጃቸው መድኃኒቶች፣ ባለፈው ዓመት ምን ታመሽ እንደነበር፣ ሁሉም አንድ ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል። ያንን ትተሽ ባዶ እጅሽን መድኃኒት ቤት ስትሄጂ የሚያይሽ ሰው ግማሽሽን ብቻ ነው የሚያየው።

ግን ምን ብሎ ይጀመራል? አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት «ልጄ፣ ይህን ለልጅ እግር ሐኪም በየትኛው አፌ ልንገረው?» አሉኝ። «እማማ፣ አይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎት» ብዬ ብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፍኩላቸው፦ «ብልቴን ያሳክከኛል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል። ሴት ብታየኝ እመርጣለሁ።» ወረቀቱን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ገብተው ሲሰጡት ወጣቱ አንብቦ ምንም ሳይል ተነሳና ሲስተሯን ጠራት። እሷም መጋረጃውን ሳበች። ነገሩ በዚህ አለቀ። አንቺም ካፈርሽ ጻፊው፣ ወይም ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳዪ። መቼ እንደጀመረ፣ ፈሳሹ ምን እንደሚመስል፣ በዚህ ዓመት ስንተኛ ጊዜሽ እንደሆነ፣ በቅርቡ ምን አንቲባዮቲክ እንደወሰድሽ፣ ኪኒን የዘለልሽበት ቀን ካለም እሱን ጨምሪበት።

ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም። ባለሙያዋ የውጩን ታያለች፣ ምናልባት በስፔኩለም (ብልትን ከፈት አድርጎ በሚያሳይ መሣሪያ) ውስጡን፣ ከፈሳሹም በጥጥ ትንሽ ትወስዳለች። ላብራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የፈንገሱ ክሮችና እምቡጦች ይለያሉ። የሽንት፣ የስኳርና የእርግዝና ምርመራ ሊታዘዝልሽ ይችላል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ወይም ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) ባለቀበት ቀን ደግሞ በምልክት ብቻ ይታከማል፤ ያኔ ሜትሮኒዳዞልና የፈንገሱ መድኃኒት ክሎትሪማዞል አብረው ቢሰጡሽ አትደንግጪ፣ ያለ ምርመራ ሁለቱንም ለመሸፈን ተብሎ የሚደረግ ነው። እኔ ላይ የደረሰው ከዚህ የተለየ ነው፤ የኔን ያዘዘው የመደርደሪያው ቅርበት ነበር።

የግድ መድኃኒት ቤት መሄድ ካለብሽ ቢያንስ የምትወስጂውን ሁሉ በስሙ ተናገሪ። «ኤችአይቪ አለብኝ» ማለት ካልቻልሽ «ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት እወስዳለሁ» በዪ፤ ፋርማሲስት ከሆነ ይገባዋል። ካልገባው መድኃኒቱን ከእሱ አትግዢ።

አምስተኛ፦ መድኃኒቱን በትክክል ውሰጂ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል ነው፤ በኪኒን መልክ 200 ሚሊግራም ማታ ማታ ለ3 ቀን፣ ወይም 1 በመቶ ክሬም በማስገቢያው ከ7 እስከ 14 ቀን። ሁለተኛው የሚዋጥ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ፍሬ፣ አንድ ጊዜ። ለቀላል ካንዲዳ ሁለቱም እኩል ይሠራሉ። ብዙ ያበጠና የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን አንድ ፍሬ አይበቃም፤ ሁለተኛው 150 ሚሊግራም ከ72 ሰዓት በኋላ ይደገማል፣ ወይም ክሬሙ እስከ 14 ቀን ይቀጥላል። የመከላከያ አቅሟ የወረደ ሴትም እንዲሁ ረዘም ያለውን ትፈልጋለች። የትኛው እንደሚገባሽ የሚወስነው ያየሽ ሰው ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ወይም ልትሆኚ እንደምትችይ ከጠረጠርሽ፣ ፍሉኮናዞል አትዋጪ። ለአንቺ የሚሆነው በብልት የሚገባው ነው፣ እሱም 7 ቀን። ማስገቢያውን ከመጠቀምሽ በፊት አዋላጅ ነርሷን ጠይቂ።

የሚገባውን ኪኒን ስንቱ ሰው በአፉ ውጦታል! አትሳቂ፤ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሻጩም ችኩል ነው። አገባቡ እንዲህ ነው። ማታ ሥራሽን ሁሉ ጨርሰሽ፣ ሽንትሽን ሸንተሽ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጥፍርሽ ረጅም ከሆነ ቁረጪው። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊና እግርሽን ከፈት አድርጊ። ኪኒኑ ደረቅ ሆኖ ካስቸገረሽ ጫፉን በንጹሕ ውኃ ነካ አድርጊው። በመሐል ጣትሽ ወይም አብሮት በመጣው ማስገቢያ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጀርባሽ አቅጣጫ፣ ሳያምሽ እስከሚገባው ድረስ ግፊው። ከዚያ አትነሺ፣ እንደተኛሽ እደሪ። ጠዋት ነጭ ነገር ይፈስሻል፤ የቀለጠው መድኃኒት ነው፣ በሽታው የባሰ እንዳይመስልሽ። ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ አድርጊ። በሁለተኛው ማታ ማሳከኩ ቢጠፋም ሦስተኛውን አትተይ። የወር አበባሽ ላይ ከሆንሽ ደሙ መድኃኒቱን ስለሚያጥበው ሲያልቅ መጀመር ይሻላል።

ማሳከኩ በ2 ወይም 3 ቀን ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ለመዳን ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሳምንት አልፎ ለውጥ ከሌለው ያንኑ መድኃኒት ደግመሽ አትግዢ፤ ወይ ካንዲዳ አይደለም፣ ወይ ካንዲዳው በተለመደው መድኃኒት የማይበገር ዓይነት ነው።

ስድስተኛ፦ ከኤችአይቪ መድኃኒትሽ ጋር

ዛሬ አብዛኞቻችን የምንወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ፍሬ የተጠቃለሉበትን ነው። ከፍሉኮናዞልም ከክሎትሪማዞልም ጋር ይስማማል፤ የአንዱን ቀን ለሌላው ብለሽ አትዝለይ። ኔቪራፒን የሚባለው ሌላው የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ያለሽ ካለሽ ግን ተናገሪ፣ ፍሉኮናዞል ኔቪራፒንን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የፍሉኮናዞልን ጉልበት ይቀንሳል። የስኳር ኪኒን ግሊበንክላሚድ የምትወስጂ ከሆነ ፍሉኮናዞል ስኳርሽን ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል፤ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ላይ ካለሽም ደምሽን ከልክ በላይ ሊያቀጥነው ይችላል። ፍሉኮናዞል ወስደሽ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ሰውነትሽ ሽፍ ካለ ቶሎ ተመለሺ።

ነፍሰ ጡሮች የሚሰጣቸው የብረት ኪኒን፣ ካልሲየምና አንታሲድ የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት ዶሉቴግራቪርን ያስሩታል። ብረቱን ከኪኒንሽ ጋር የምትወስጂ ከሆነ ምግብ በልተሽ ይሁን፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ዶሉቴግራቪርን 2 ሰዓት አስቀድሚ፣ ወይም ከብረቱ 6 ሰዓት በኋላ አድርጊው። የጨጓራው መድኃኒት ግን ምግብ ኖረም አልኖረ በዚሁ ሰዓት ይራቅ።

ጾምና ጸበል ሁለቱም እዚህ ከተማ የሕይወታችን ክፍል ናቸው፤ የአርባ አራቱ ታቦት አገር ናትና። የኤችአይቪ ኪኒናችን ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ በቀን አንዴ ነው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምትጾሚ፣ ማታ ከመኝታ በፊት መውሰድ ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ። ጸበል ሲባል ደግሞ ሱባዔ ገብቶ ኪኒን ማቋረጥን ብዙ ጊዜ አይተናል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ከሱባዔ ስትመለስ ካንዲዳ ይዟት የመጣች ሴት ስትነግረኝ መጀመሪያ የምጠይቃት «ኪኒኑን ይዘሽ ነበር የገባሽው?» ብዬ ነው።

ሰባተኛ፦ ባልሽ «ከየት አመጣሽው?» ሲል

ካንዲዳ ከአባላዘር በሽታ አይቆጠርም። ከሰው አላመጣሽውም፣ እሱም አላመጣብሽም። እሱ ምንም ካልተሰማው መታከም አያስፈልገውም። ብልቱ ጫፍ ላይ ቀልቶ የሚያሳክከው ከሆነ ግን ይታይ፣ የሚቀባ ይሰጠዋል። ይህን ራስሽ ለማስረዳት ከከበደሽ በቀጠሮሽ ቀን ይዘሽው ነዪ፤ ከኛ ሲሰማ ይቀለዋል።

እስክትድኚ ከግንኙነት መቆጠቡ ይሻላል። የተሰነጠቀ ቆዳ ያማል፣ ሲቆጣም በብልት ፈሳሽ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ሊጨምር ይችላል። ሌላም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ በብልት የሚገባው ክሬምም ሆነ ኪኒን የኮንዶምን ላስቲክ ሊያሳሳው ይችላል። በኮንዶም የምትተማመኚ ከሆነ በሕክምናው ቀናትና ከዚያ በኋላም ለጥቂት ቀናት አትተማመኚበት።

ስምንተኛ፦ ተመላልሶ ከመጣ

በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዘሽ ተደጋጋሚ ካንዲዳ ይባላል። እዚህ ላይ የማሳከኩን መድኃኒት ብቻ መለዋወጥ ጊዜ ማባከን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ መጀመሪያ የሚያመላልሰውን ነገር መፈለግ አለበት።

መጀመሪያ ቫይራል ሎድ። ከ1000 በላይ ከሆነ ወይ ኪኒኑ በሰዓቱ እየተወሰደ አይደለም፣ ወይ ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዷል። ስለ አወሳሰዱ ምክክር ይደረግና ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። እዚህ ጋር አማካሪዋን አትዋሺያት። ማንም አይቆጣሽም፤ ቢቆጣሽም የሚጎዳው ዝም ማለትሽ ነው። ሲዲ ፎርም ይታያል፣ ከ200 በታች ከሆነ ሌሎች ምርመራዎች ይጨመራሉ።

ሁለተኛ ስኳር። የኔ ታሪክ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከሦስቱ ሜትሮኒዳዞሎች በኋላ በመጨረሻ ለሲስተሯ ስናገር እርግጠኛ የነበርኩት መድኃኒቱ ከዳኝ ብዬ ነበር፤ ለኑዛዜ ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር ብልሽ አላጋነንኩም። ቫይራል ሎዴ ሲመጣ አይታይም። «ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ ነዪ» ብላ ጣቴን ወጋችና ማሽኑ 190 አለ። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሲደጋገም የስኳር በሽታ ነው። ያ ሁሉ ክረምት ፈንገሱን የቀለብኩት እኔው ነበርኩ፣ ቫይረሱ እጁ የለበትም። ሜትፎርሚን ከጀመርኩ በኋላ ማሳከኩም ቀረ። (ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው መጠኑ በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይደረጋል። የስኳር ክፍሉና ኤአርቲ ክፍሉ ስለማይገናኙ ይህን ለሁለቱም የምትነግሪው አንቺ ነሽ።)

ሦስተኛ የፈንገሱ ዓይነት። ካንዲዳ አልቢካንስ ከሚባለው ከተለመደው ዝርያ ውጭ ካሉት አንዳንዶቹ ፍሉኮናዞልን ይቋቋማሉ። ለዚህ ፈሳሹ በላብራቶሪ እንዲያድግ ይደረጋል፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ልትባይ ትችያለሽ። እንቢ አትበዪ።

ምክንያቱ ተፈልጎ ከታከመም በኋላ ካልተወሽ የረዥም ጊዜ ሕክምና አለ። መጀመሪያ ፍሉኮናዞል በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ተወስዶ ፈንገሱ እንዲረግብ ይደረጋል፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ፍሬ ለ6 ወር ይቀጥላል። ይህን በራስሽ አትጀምሪው። በየጊዜው በልኩ ያልተወሰደ ፍሉኮናዞል ፈንገሱን ያለማምደዋል፤ ለከባድ ቀን የሚያስፈልግሽ መድኃኒት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልግሽ ማስረጃ በእጅሽ ነው። የቀጠሮ ካርድሽ ጀርባ ላይ በያዘሽ ቁጥር ቀኑን፣ የወሰድሽውን መድኃኒትና በስንት ቀን እንደተሻለሽ ጻፊ። «ሐምሌ 12፣ ክሎትሪማዞል፣ 4 ቀን» ይበቃል። ሐኪሙ «ስንት ጊዜ ያዘሽ?» ሲልሽ «ብዙ ጊዜ» ከምትዪው ካርዱን ገልብጠሽ አሳዪው።

ለካንዲዳ ብለሽ አልጋው ላይ ከወጣሽ አይቀር የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራሽንም ጠይቂ። ቫይረሱ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች 6 እጥፍ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ25 ዓመቷ ጀምሮ እንድትመረመር ይመክራል። ፈሳሹና እብጠቱ ካለ መጀመሪያ ታከሚ ተብለሽ ቀጠሮ ሊሰጥሽ ይችላል። ያንን ቀጠሮም ካርዱ ጀርባ ላይ፣ ከፈንገሱ ቀኖች ሥር አስፍሪው።